ሥራ አስኪያጁ ማን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። «ምን ልታዘዝ»ን ትከታተሉ የነበራችሁ ሰዎች፣ ከዚያ ድራማ ዛሬ ምን ትዝ ይላችኋል? አትቸኩሉ። ማኪያቷችሁን ፉት እያላችሁ አስቡበት።

እኔ ሰሞኑን ይህንኑ ጥያቄ ለጓደኞቼ እየደወልኩ ሳቀርብ ነበር። ሰባት ሰው ጠየቅኩ። (ጥናት እንዳይመስላችሁ፤ ካርዴ ያደረሰኝ እስከ ሰባተኛው ሰው ነው።) ስድስቱ የመለሱልኝ አንድ ዓይነት ነው። «እንትና እኮ እንትናን ነበር!» ካፌው አገር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እገሌ ነው፤ ያ ደንበኛ ያን ቀን እንደዚያ ያለው እገሌ ፓርላማ ላይ የተናገረውን ነው። ሰባተኛው «እኔ ኳስ ነው የማየው» አለኝ። እሱን ተዉት።

አንዳቸውም ስለ ካፌው አላነሱም። ስለ ካፌው እንደ ካፌ ማለቴ ነው። ቡና ስለሚፈላበት፣ ሰሃን ስለሚታጠብበት፣ ወር ሲደርስ ደመወዝ ስለሚከፈልበት (ወይም «ቆይ እስኪ» ስለሚባልበት) ቤት። የከነከነኝ ደግሞ እኔንም ድንገት ደውሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ያንኑ እመልስ ስለነበር ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስታውስ። «ምን ልታዘዝ» በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረ ሲትኮም ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ በኃይሉ ዋሴ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው አንድ ካፌ ውስጥ ነው፤ አሠሪ፣ አስተናጋጅ፣ ደንበኛ ሁሉም እዚያው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይነታረካል። ድራማው የአገሩን ፖለቲካ ይሸረድዳል፤ ያውም ለመንግሥት ቅርብ ተደርጎ በሚታይ ጣቢያ ላይ። ወሬው የደራው በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ነው። 2010 ደግሞ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር አትረሱትም። የካቲት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፣ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መጋቢት 24 ቀን ደግሞ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ተዋናይ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ስኳር አልቋል» ቢል፣ የምር ስኳር አልቆ ነው ብሎ የሚያምን ኢትዮጵያዊ ከየት ይመጣል?

እኛ ያኔ ደብረ ብርሃን የመሰናዶ ተማሪዎች ነበርን። አራት ሴቶች። የምናዘው ሦስት ሻይና አንድ ማኪያቶ ነው፤ ማኪያቶው በተራ ነው። (ተረኛዋ አረፋውን በማንኪያ የመላስ ሙሉ መብት አላት።) ካፌው ከዋናው የደሴ መንገድ ገባ ብሎ የነበረ ነው፤ ስሙን አልነግራችሁም። ትልቅ ቴሌቪዥን ነበረው። ደግሞ ደብረ ብርሃን መሆኑን አትርሱ፤ የቡና ማሽን እንፋሎት ያለበት ቤት እንደ ምድጃ ነው የሚፈለገው። የባለቤቷ ልጅ አዲሱን ክፍል ከዩቲዩብ ያወርድና በፍላሽ ይዞት ይመጣል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይከፍትልናል። ማታ ቤቱ ያየውም ሰው ይመጣል። ማየቱ አይደለማ ቁም ነገሩ! ቁም ነገሩ ከማየቱ በኋላ ነው።

ክፍሉ እንዳለቀ ጉባኤው ይጀመራል። አንዱ ወንበሩን ያዞራል። «አያችሁት አይደል? ሥራ አስኪያጁ ማንን እንደሆነ አያችሁት?» ሌላው ግራና ቀኝ ያይና ድምፁን ይቀንሳል። «እሱን አይደለም፤ ያኛውን ነው። ሰዓቱን አይታችሁታል? የግራ እጁ ላይ ነው ያሰረው።» ሦስተኛው «ከረባቱንስ?» ይላል። አንድ የትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ነበሩ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ጥግ ላይ ይቀመጡና ሁላችንም ተሟግተን ሲደክመን በመጨረሻ ይፈርዳሉ። «ልጆች፣ ሁለቱንም ነው።» በቃ፣ ዳኝነት ተሰጠ። እኛም ሰኞ ትምህርት ቤት ስንገባ ያንን ውሳኔ እንደ ራሳችን ግኝት እናወራለን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ ይል ነበር። ያ ደስታ ዛሬም ይናፍቀኛል። ፖለቲካ በግልጽ ለማውራት ሆዳችን በሚፈራበት ጊዜ፣ ስለ አንድ ካፌ እያወራን መስለን ሁሉንም አወራን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን «ተመልካቹ አላዋቂ ነበር» ብላ ነው ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ደራሲዎቹም ፍቱልን ብለው እየጋበዙን ነበር። የኔ ነገር ሌላ ነው።

በአንዱ ቅዳሜ አያቴ ለሕክምና ደብረ ብርሃን መጥታ ነበርና ማታ ቤት አብራን አየች። አያቴ አንኮበር ነው ኑሮዋ፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ግን የሌላ ዓለም ያህል ነው። አባቴና አጎቴ «ይሄ እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው» እያሉ ሲፈታቱ እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም ብላ አየች። አለቀ። «እማማ፣ እንዴት አየሽው?» አልናት። ምን አለች መሰላችሁ?

«ያቺ ሰሃን የምታመላልሰው ልጅ እስካሁን ምሳ አልበላችም እኮ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እማማ ድራማ ነው እኮ!» እያልን። ለወራት አሾፍንባት። አንኮበር ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የሸዋ መናገሻ እንደነበረች ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረናል፤ የነገሥታቱን ስም በተራ እንቆጥራለን። አያቴ ግን ስለዚያ ቤተ መንግሥት ከቅድመ አያቷ ሰማሁ ብላ የምታወራው ስለ ወፍጮ ፈጪዎቹ፣ ስለ ጠጅ ጣዮቹ፣ ውኃ ተሸክመው ያን ዳገት ስለሚወጡት ሴቶች ነው። ለሷ ቤተ መንግሥት ማለት መሥሪያ ቤት ነው። ካፌም መሥሪያ ቤት ነው። የቴሌቪዥን ካፌም ያው ነው።

አሁን ወደ ካፌያችን ልመልሳችሁ፤ ሰሃን የምታመላልስ ልጅ እዚያም ነበረችና።

ከኛ ሦስት ወይም አራት ዓመት ብትበልጥ ነው። እሷም የመጣችው ከአንኮበር በኩል ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም፣ አክስቷ ጋ መጣች፣ ከዚያ ካፌ ገባች። ደንበኛ እንዴት እንደሚጠራት ታውቃላችሁ። አንዱ ያጨበጭባል። አንዱ በከንፈሩ «ፕስስ» ይላል። አንዱ የስኳር ዕቃውን በማንኪያ ይመታል። ትንሽ ጨዋ ነኝ የሚለው «እህት!» ይላል፣ ሽማግሌው «አንቺ ልጅ!» ይላል፣ ጎረምሳው «ቆንጆ!» ይላል። እሷ ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያላት። መልሱ የድራማው ርዕስ ነው።

ይህንን ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው። «ምን ልታዘዝ» ማለት እኮ የሠራተኛዋ ዓረፍተ ነገር ነው። የአዛዡ አይደለም። ድራማው ስሙን የወሰደው ከአስተናጋጇ አፍ ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምናወራው ስለ አዛዡ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ድራማው ሲከፈት ልጅቷ ትሪዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ከኋላችን ቆማ ታያለች። ከፊት የማየት ዕድል የላትም፤ ወንበሩ የደንበኛ ነው። እኛ በምንስቅበት ቦታ አትስቅም። እኛ ዝም ስንል ነው ድንገት ከኋላችን ሳቋ የሚሰማው፤ ዞር ስንል አፏን በትሪው ትሸፍናለች። አንድ ቀን ከጓደኞቼ አንዷ «ምኑ ነው ያሳቀሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ስኒው ባዶ ነዋ!» አለች።

«የቱ ስኒ?»

«ይዛው የምትዞረዋ። የሞላ ስኒ የያዘ ሰው እንደዚያ አይዞርም። እይው እስቲ፣ እኔ ልዙር» ብላ አራት ሻይ በትሪ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መካከል ስታልፍ አሳየችን። መጀመሪያ ወገቧ ይዞራል፣ ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ ዓይኗ ሻዩ ላይ ሳይሆን የደንበኛ እግር ላይ ነው። እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ ደንበኛ አለ ማለት ብርጭቆ ሊሰበር ነው ማለት ነው። ብርጭቆ ከተሰበረ ደግሞ ከደመወዟ ይቆረጣል። ደመወዟ ያኔ 600 ብር ነበር፤ ሌላው ቲፕ ነው። እኛ ደግሞ ቲፕ የሚባል ነገር ትተን አናውቅም። (ሦስት ሻይና አንድ ማኪያቶ ለሁለት ሰዓት ተኩል! አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።)

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለሬዲዮ ዝግጅት ትምህርት የቤት ሥራ ብዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አነበብኩ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011፤ የወጣውም እዚያው ድራማው ዝነኛ በነበረበት ሰሞን ነው። አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው ይላል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ከሱ በፊት የነበረው 377/96 ቁጥር አዋጅም እንዲሁ ይል ነበር። ልጅቷ የፈረመችው ወረቀት አልነበረም። ያን ሁሉ ቅዳሜ እኛ የሕግ የበላይነት፣ ዲሞክራሲ፣ የሥልጣን ክፍፍል እያልን በድራማው ላይ ስንፈላሰፍ፣ ሕግ የሚጣስባት ልጅ ትሪ ይዛ ከኋላችን ቆማ ነበር። ቢያንስ ዞር ብለን «ፈርመሻል ወይ?» ማለት አያቅተንም ነበር። ለነገሩ እኛም አናውቅም ነበር።

ሰምና ወርቅ እንወዳለን። አድገንበታል። ሰሙን ገለጥ አድርጎ ወርቁን ያገኘ ሰው ይከበራል፤ ሰሙ ላይ የቀረ ሰው ሞኝ ይባላል። አያቴ ሞኝ የተባለችው ሰሙ ላይ ስለቀረች ነው። ግን የሥራ ቦታ ኮሜዲ ላይ ይህ ዘዴ አንድ ችግር አለበት። ሰሙ ሰው ነው። ሥራው፣ ድካሙ፣ ከአለቃ ጋር መነቋቆሩ፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር በቲፕ መጣላቱ ሰም ተባለና ተጣለ፤ ወርቅ ተብሎ የተያዘው ደግሞ የአንድ ባለሥልጣን ስም ነው። ባለሥልጣን ደግሞ ይሻራል። ያኔ ወርቁ ምን ይሆናል?

ሞከርኩት እኮ። ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴን አስቀምጬ ከዩቲዩብ ላይ የቆዩ ክፍሎችን አብረን አየን። 16 ዓመቷ ነው። በየሦስት ደቂቃው እያቆምኩ ማብራራት ጀመርኩ፤ «እዚህ ጋ ማለት የፈለጉት ያኔ እንትና የሚባል ሰው ነበር፣ እንዲህ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ…»። ትዕግሥቷ አለቀና «እና የሚያስቀው ምኑ ነው?» አለችኝ። እኔ ያኔ ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ቦታ እንደ ድሮ ጋዜጣ አርጅቷል። ደስ ያለኝ ግን ዝም ብዬ ስተዋት መሳቋ ነው። አስተናጋጆቹ እርስ በርስ ሲነቋቆሩ፣ አሠሪ ሲመጣ ሥራ የበዛበት ለመምሰል ሲሯሯጡ ሳቀች። ያንን ማንም አላብራራላትም። ማንን እንደሚወክልም አልጠየቀችም።

ድራማው ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ቆመ። ስለ አቋቋሙ የተወራውን ሁሉ እዚህ አልደግምም። ግን እኛ ተመልካቾቹስ አላከበድንበትም ወይ ብዬ አስባለሁ። አንድ ጸሐፊ የሚጽፋት እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ሰኞ ጠዋት በየካፌው «ይሄ እገሌን ነው» ተብሎ እንደሚፈረድባት እያወቀ እንዴት ተዝናንቶ ይጽፋል? ስኳር አልቋል ብሎ መጻፍ የማይችል ኮሜዲያን ምን ቀረው?

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ የሆነ ተቃራኒ ነገር ገጠመኝ። ዶርማችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ነበር (ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስክንመረቅ አልታወቀም)። እዚያ ውስጥ «ዘ ኦፊስ» የሚባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2013 የታየ፣ ዘጠኝ ምዕራፍ ያለው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው የእንግሊዞቹ «ዘ ኦፊስ» ነው። የአሜሪካው ታሪክ ምንድን ነው ብትሉ፣ ምንም የለውም! ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት አለ፤ እዚያ ውስጥ በጣም አስቂኝ ነኝ ብሎ የሚያምን አለቃ አለ፤ ሠራተኞቹ አሉ። በቃ። ይሰበሰባሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ልደት ያከብራሉ። ደግሞ ያለው ኒው ዮርክ አይደለም፤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስክራንተን የምትባል፣ ድሮ በድንጋይ ከሰል የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ነው። እንግሊዞቹም የራሳቸውን ለንደን አላደረጉትም፤ ስላው የምትባል አጠገቧ ያለች፣ ማንም ለሽርሽር የማይሄድባት ከተማ ነች።

ስድስት ልጆች በአንድ ላፕቶፕ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን አየነው። ካየን በኋላ የተጨቃጨቅነው ምን ላይ ነው? «ይሄ እኮ የኛ ፕሮክተር ነው!» «ይቺን የሬጅስትራር ጸሐፊዋን አትመስልም?» «አባቴ ቢሮ ልክ እንደዚህ የሆነ ሰው አለ፣ እምላለሁ!» አንድም ሰው አለቃው የትኛው የአሜሪካ ሴናተር እንደሆነ አልጠየቀም። ይገርማል አይደል? አይተነው በማናውቀው አገር ድራማ ውስጥ የራሳችንን መሥሪያ ቤት አየን፤ በራሳችን ድራማ ውስጥ ግን አራት ኪሎን ብቻ።

«ታዲያ የኛን ሥራ ቦታ የሚያሳይ ኮሜዲ መች ኖረንና?» ትሉኝ ይሆናል። ከፊል እውነት ነው። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ለብዙ ዓመት ቤታችን የገባው የቤተሰብ ድራማ ተብሎ ነው፤ እኔ ግን የሰፈሬን ሰው ሲያስቁት የማስታውሰው ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ለነሱ ያ ግቢ ቤት አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ነው። በነገራችን ላይ ቴሌቪዥናችን ላይ የአዲስ አበባ ያልሆነ አማርኛ ከተሰማ ተናጋሪው ወይ ዘበኛ ነው ወይ ሠራተኛ፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ እንደ አያቴ የሚያወራ ሰው እስካሁን እየፈለግኩ ነው። ካያችሁ ንገሩኝ።

እኔን ብትሉኝ ግን ቀጣዩ የሥራ ቦታ ኮሜዲ ደብረ ብርሃን ነው መቀረጽ ያለበት። (አድልዎ ነው። አዎ።) ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተዋናዮቹ ጠዋት መጥተው ማታ መመለስ ይችላሉ፣ ጃኬት ብቻ ይያዙ። ከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካዋን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ይዛ የኖረች ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. መጣ፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ ተከተሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውርጩ ገና መሬት ላይ እያለ ጠባሴ ሂዱና እዩ፤ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሰው ጋቢና ሹራብ ደርቦ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። የመጀመሪያው ክፍል ከዚያ ሰልፍ ላይ ይጀምራል። ማን መስኮት ዳር ተቀመጠ፣ ማን ለማን ቦታ ያዘ፣ ሾፌሩ ማንን ጠብቆ ማንን ጥሎ ሄደ።

ሁለተኛው ክፍል የመንግሥት ቢሮ ይሁን። አንድ ማሞቂያ አለ፤ ያለው ኃላፊው ክፍል ነው። ስለዚህ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ ጠዋት ጠዋት ኃላፊውን የሚያማክርበት አስቸኳይ ጉዳይ ይኖረዋል። ግድግዳው ላይ የካይዘን ሰሌዳ አለ፤ አምስቱ «ማ»ዎች ተጽፈውበታል፣ ሰሌዳው ራሱ ግን ከተሰቀለ ጀምሮ አልተጸዳም። ቢፒአርን ያስታወሱ አንድ አባት አሉ፤ አዲስ አሠራር በመጣ ቁጥር «ይሄም ያልፋል» ብለው የድሮውን ፎርም መሳቢያቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ሁልጊዜም ያ ፎርም መጨረሻ ላይ ያስፈልጋል። ጉዳይ ሊያስፈጽም ከአንኮበር የመጣ ገበሬ አለ፤ በየክፍሉ «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ በምዕራፉ መጨረሻ ቢሮውን ከሠራተኞቹ በላይ ስለሚያውቀው ሌሎች ባለጉዳዮችን የሚያስተናግደው እሱ ይሆናል። ይሄን ማንም ይውሰደው፤ በነጻ ነው። ብቻ አንድ ልመና አለኝ፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ ጋዜጠኛ ሲጠይቃችሁ «ኃላፊው ነዋ» በሉ።

እንዲህ ስል ሁሉንም የማውቅ እመስላለሁ አይደል? እንግዲያው የዚያችን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ።

በአንዱ ቅዳሜ አዲስ ክፍል ታየ፣ ጉባኤው ተጀመረ። ያን ቀን ክርክሩ ጠንክሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማን ነው? የትምህርት ቢሮው ሰውዬ እንኳን መፍረድ አቃታቸው። ከኛ አንዷ (እኔ ነበርኩ እንዴ? ጓደኞቼ እኔ ነኝ ይላሉ) ዞር ብላ ልጅቷን «አንቺስ? ሥራ አስኪያጁ ማንን ይመስልሻል?» አለቻት። ከዚያን ቀን በፊት በድራማው ጉዳይ ሐሳቧን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ማዘርን ነዋ!» አለች።

ማዘር የምንላት የካፌዋን ባለቤት ነው። ልጅቷ ትሪዋን አስቀመጠች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ በሌላው የስኳር ዕቃ አንስታ ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው፣ ከዚያ በማዘር ድምፅ፣ ልክ በማዘር ድምፅ፣ «ይሄን ስኳር ደንበኛ ነው የላሰው ወይስ እናንተ?» አለች። የተቆረጠውን ብርጭቆ በጣቷ ቆጠረች። ወሩን ቆጠረች። ወሩ ከብርጭቆው አነሰ። ስሌቱ ተሳስቶ ብርጭቆ ራሷ ለማዘር ባለዕዳ ሆነች።

እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የትምህርት ቢሮው ሰውዬ ጋቢያቸው ከጆሯቸው ወርዶ እንባቸውን ጠረጉ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ካየነው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አንዱ «ድገሚው!» አለ። ደገመችው። እኔም «ድገሚው» ካሉት አንዷ ነኝ። ማዘር ባንኮኒው ጋ መጋረጃውን ገልጣ ቆማ እንደነበር ያየነው ሁለተኛውን ጨርሳ ስናጨበጭብ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ልጅ መጣች። «ያቺኛዋስ?» አልናት። «ወጣች» አለች። እኛ «ኦ» አልን። ከዚያ ከመካከላችን አንዷ «እባክሽ ድምፁን ጨምሪልን፣ ሊጀምር ነው» አለች። ይህንን ያልኩት እኔ አልነበርኩም፤ ግን ዝም ብዬ ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩ። ክፍሉ ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተከራከርን።

ካቻምና በጠዋት አዲስ አበባ ልሄድ ጠባሴ ባጃጅ ስፈልግ ሰርቪስ ከሚጠብቁት መካከል አንዷ «አንቺ ተማሪ!» ብላ ጠራችኝ። በጋቢ ተሸፋፍና ነበር፤ መጀመሪያ ያወቅኩት ድምፅዋን ነው። ፋብሪካ ከገባች ቆይታለች፤ አግብታ አንድ ወንድ ልጅ አላት። ተሳሳምን። ሥራ ይዘሽ ወይ፣ አገባሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስለዚያ ቀን ማንሳት ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሷ ቀደመችኝ።

«ያ ድራማ አለ አይደል፣ ያን ቀን ያየነው ክፍል መጨረሻው ምን ሆነ? እኔ ሒሳብ ልሰበስብ ስወጣ አመለጠኝ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ስለ ሥራ አስኪያጁ የተከራከርነው ሁሉ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ከረባቱ ትዝ አለኝ። መጨረሻው ግን አልመጣልኝም። «ይጠፋኛል» አልኳት።

«አይ እናንተ» አለች፣ ሰርቪሱ መጣና ተሳፈረች።